ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር? የልጆችን አስቸጋሪ ባህሪ አስቀድሞ ስለ መከላከል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቻቸው ያስቸገሯቸው ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ሲያጠፋ ምን ላድርገው?» እኔም መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ «ከማጥፋቱ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ጩኸቱን፣ የተወረወረውን ዕቃ፣ የተነከሰውን እጅ ቁልጭ አድርገው ያስታውሳሉ፤ ከዚያ በፊት ያለፉት አምስት ደቂቃዎች ግን ከአእምሯቸው ጠፍተዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ እነዚያ አምስት ደቂቃዎች ነው።

«ከባህሪው በፊት ያለውን መለወጥ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ልጅ ሲጮህ፣ ሲማታ ወይም እምቢ ሲል ከእርሱ በፊት የመጣ ነገር አለ፤ ከእርሱም በኋላ የሚከተል ነገር አለ። «መጫወቻውን አስቀምጥ» ተባለ፣ ልጁ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ እናቱ «እሺ ትንሽ ቆይ» አለችው። መጀመሪያ ቀስቃሹ፣ ቀጥሎ ባህሪው፣ በመጨረሻም ውጤቱ። የባህሪ ጥናት በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በቢ ኤፍ ስኪነር ሥራዎች ላይ ተመሥርቶ ሲያድግ መሠረት ያደረገው ይህንን የሦስት ነገሮች ሰንሰለት ነው። አብዛኞቻችን የምንታገለው ከሰንሰለቱ ጫፍ ማለትም ከውጤቱ ጋር ነው፦ ቁጣ፣ ቅጣት፣ ማባበያ። አስቀድሞ መከላከል ግን ሥራውን የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀለበት ነው። አባባላችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይል የለ? ልጁን ከመለወጥ በፊት ልጁ ያለበትን ሰዓት፣ ቦታ፣ የምንናገርበትን መንገድና የምንጠይቀውን ነገር መለወጥ ነው።

ካጠፋ በኋላ መቅጣት አይበቃም?

አይበቃም። ቅጣት ሲመጣ ጥፋቱ ተፈጽሟል፤ ልጁም በዚያ ሰዓት ምክር የሚሰማ ልብ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅጣት «ይህን አታድርግ» ይላል እንጂ «በዚህ ፈንታ ይህን አድርግ» ብሎ አያሳይም። በማግስቱ ያው ሁኔታ ሲመጣ ልጁ በእጁ ያለው ያው የትናንቱ ዘዴ ብቻ ነው።

ልጄ የሚነሣበት ድንገት ነው። መነሻውን እንዴት አገኘዋለሁ?

«ድንገት» የሚመስለን ስላልጻፍነው ነው። ይህን የምለው ብዙ ደብተሮች አብሬ ስላገላበጥሁ ነው። አንድ ተራ ደብተር ያዙና ገጹን በሦስት ዐምድ ክፈሉት፦ ከመነሣቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ተከተለ። ሰዓቱንና ቦታውን፣ ማን ማን እንደነበረ ጨምሩበት። ይህ አመዘጋገብ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሲድኒ ቢዡና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ካስተዋወቁት በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራበት ሲሆን፣ ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር ምንም አይፈልግም።

ስትጽፉ የታየውን ብቻ ጻፉ። «ተናደደ» ወይም «ክፋት ገባበት» አይጠቅምም፤ «ወንድሙን በጡጫ ክንዱ ላይ መታው» ይጠቅማል። «በፊት ምን ነበር» በሚለውም ሥር «ምንም» ብላችሁ አትለፉ። ማንም አላናገረውም ነበር? እርሱ ራሱ አንድ መረጃ ነው።

የአንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ደብተር እንዲህ ይነበብ ነበር። ሰኞ አመሻሽ፦ እናት ስልክ እያወራች ነው፤ ልጅቷ የታናሽዋን ፀጉር ጎተተች፤ እናት ስልኩን ዘግታ መጣች። ማክሰኞ፦ ምንም የለም። ረቡዕ አመሻሽ፦ እናት ከእንግዳ ጋር ትነጋገራለች፤ ልጅቷ የእንግዳዋን ቦርሳ መሬት ላይ ደፋች፤ እናት ተነሥታ ተቆጣቻት። ዓርብ አመሻሽ፦ እናት ሕፃኑን ታጥባለች፤ ልጅቷ ሳሙናውን ወረወረች፤ እናት ዞራ «ምን ሆነሻል?» አለቻት። እናትየው ደብተሩን ይዛ ስትመጣ «ልጄ ጠበኛ ሆናለች» ነበር ያለችው። ገጹን አብረን ስናነብ ግን ራሷ ጣቷን አስቀምጣ «ሁልጊዜ እጄ ሲያዝ ነው» አለች። ማክሰኞ ለምን ሰላም ሆነ? በዚያ ቀን አያቷ መጥተው አመሻሹን ሙሉ ከልጅቷ ጋር ተቀምጠዋል።

ለዚህ ነው ሰላም የሆነባቸውን ሰዓቶችም ጻፉ የምለው። ችግሩ የሌለበት ሰዓት መፍትሔውን ይዞ ይገኛል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ከጻፋችሁ ብዙውን ጊዜ መልኩ ይወጣል።

ትናንት ያለ ችግር የለበሰውን ልብስ ዛሬ አሻፈረኝ ይላል። ቀስቃሹ ያው ከሆነ ባህሪው ለምን ይለያያል?

ምክንያቱም ቀስቃሹ የሚያርፍበት ልጅ በየቀኑ አንድ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ የራበው፣ ጥርሱን የሚያመው ወይም ሌሊቱን የወላጆቹን ጭቅጭቅ ሲሰማ ያደረ ልጅ በሌላ ቀን የሚያልፈውን ነገር ዛሬ አያልፍም። እነዚህ ከቀስቃሹ ራቅ ብለው፣ አንዳንዴም ከሰዓታት በፊት ሆነው ነገሩን የሚያባብሱ ሁኔታዎች ናቸው። ክብሪቱ ቀስቃሹ ቢሆን እነዚህ የደረቀው ሣር ናቸው።

ከሁሉም መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ በሁለቱም የቀን እንቅልፍ ይታሰባል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። የልጃችሁን እንቅልፍ ለአንድ ሳምንት ቁጠሩ። ሰዓቱ ከዚህ በጣም ያነሰ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ከመሞከራችሁ በፊት ከመኝታ ሰዓቱ ጀምሩ።

ቀጥሎ ሕመም ነው። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጥርስ ሕመም፣ በደንብ አለመስማት ወይም አለማየት «እምቢተኝነት» መስለው ይመጣሉ። በተለይ መናገር ያልጀመረ ልጅ ሕመሙን የሚናገረው በባህሪው ነው። በሰላም የኖረ ልጅ በድንገት ከተለወጠ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በመጥፎ ቀን ምን ይደረጋል? የምትጠይቁትን ቀንሱ። ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ዛሬ አዲስ ነገር አይማርም፤ ሰው የበዛበት ቦታም አትውሰዱት። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ የታመመ ሰው ሸክም አይጫንበትም።

መነሻውን ካወቅሁ ዓላማውን ማወቅ ምን ይጨምርልኛል?

ሁሉንም ይጨምራል። አንድ ዓይነት ጩኸት አራት የተለያየ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ሰው እንዲያየው፣ የማይፈልገው ነገር እንዲቀርለት፣ የሚፈልገው ዕቃ እንዲሰጠው፣ ወይም ድርጊቱ ራሱ ለሰውነቱ ደስ ስለሚለው። የባህሪ ተመራማሪው ብራያን አይዋታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት ራሳቸውን የሚጎዱ ዘጠኝ ልጆችን በተለያዩ ሁኔታዎች ውስጥ አስቀምጠው ተመለከቱ፤ ባህሪው ከላይ ሲታይ ቢመሳሰልም አንዱ ልጅ ሥራ ሲሰጠው፣ ሌላው ብቻውን ሲሆን ይብስበት ነበር። በመስኩ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ብዙ ነገር በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በተግባር ስናየው እንዲህ ነው። ሰው እንዲያየው የሚያጠፋ ልጅ ከማጥፋቱ በፊት ይታይ። ከላይ ያነሣኋት እናት ስልክ ከማንሣቷ በፊት ሁለት ደቂቃ ከልጅቷ ጋር ቁጭ ብላ «አሁን ከአክስትሽ ጋር አወራለሁ፤ አንቺ ይህን ሥዕል ቀቢልኝ፤ ስጨርስ አየዋለሁ» ማለት ጀመረች። በመሐልም ስልኩን ሳትዘጋ ትከሻዋን ነካ ታደርጋት ነበር። ከሥራ ለማምለጥ የሚያጠፋ ልጅ ከሆነ ግን ትኩረት ብትጨምሩለት ምንም አታገኙም፤ ለእርሱ ሥራው መቅለል፣ ማጠር ወይም በእረፍት መከፋፈል አለበት። ይህን ልጅ ጥግ ሄዶ እንዲቀመጥ መቅጣትማ የለመነውን መስጠት ነው! ዓላማውን ሳያውቁ የተሰጠ ቅጣት ሽልማት ሆኖ ሊያርፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨዋታ አቁም ወይም ቴሌቪዥኑን አጥፋ ሲባል ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። ምን ላድርግ?

ከሁሉ በላይ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ከአንድ ነገር ወደ ሌላ መሻገር ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። የያዘውን ደስታ በእርግጠኝነት ያጣል፤ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ግን በትክክል አያውቅም። ብዙ ወላጆች «አምስት ደቂቃ ቀርቶሃል» ብለው ያስጠነቅቃሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ «አምስት ደቂቃ» ባዶ ቃል ነው። በዓይን በሚታይ ነገር ተኩለት፦ «ሦስት ጊዜ ተንሸራተህ እንሄዳለን»፣ «ይህ ክፍል ሲያልቅ እናጠፋዋለን»፣ «አሸዋው ወደ ታች ወርዶ ሲያልቅ»። ከዚያም ሦስተኛው ሲያልቅ በእውነት ሂዱ። አንድ ቀን በአምስተኛው፣ አንድ ቀን በአሥረኛው ከሄዳችሁ ልጁ የሚማረው ቁጥሩ እንደማይጸና ነው።

ማስጠንቀቂያ ብቻውን ብዙ ጊዜ እንደማይበቃ ግን ልብ በሉ። ለአንዳንድ ልጅ ማስጠንቀቂያው ራሱ የለቅሶው መጀመሪያ ይሆናል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ነገር አስቡበት። ከሚወደው ጨዋታ በቀጥታ ወደ መኝታ ማስገባት ገደል እንደ መዝለል ነው፤ በመካከል አነስ ያለ ሌላ ደስታ አስገቡ። መጫወቻ መኪናውን እየነዳ ወደ መታጠቢያ ቤት ይሂድ፣ መብራቱን የሚያጠፋው እርሱ ይሁን፣ ቴሌቪዥኑን የሚዘጋውም የእርሱ ጣት ይሁን። እጁ ሥራ ካገኘ ልቡ ይከተላል።

ቅደም ተከተሉን አንድ ማድረግም ትልቅ ጉልበት አለው። በየምሽቱ እራት፣ መታጠብ፣ ተረት፣ መኝታ ከሆነ ውሎ አድሮ «ተኛ» የሚለው ትእዛዝ ከእናንተ መሆኑ ይቀርና ከሥርዓቱ ይሆናል። ማንበብ ለማይችል ልጅ አራቱን በሥዕል ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት፤ ሲጨርስ እየገለበጠ ይሂድ።

ሌላም አለ። መጨረሻው ከመጀመሪያው ይነገር። ስልኩን ከመስጠታችሁ በፊት «አንድ ፊልም ታያለህ፤ ከዚያ ለእኔ ትሰጠኛለህ» በሉት። ከሰጣችሁት በኋላ የሚመጣ ሕግ ለልጅ ሕግ ሳይሆን ነጠቃ ነው።

የምናገርበት መንገድ ለውጥ ያመጣል?

በጣም። ከሌላ ክፍል ሆኖ የተጣራ ትእዛዝ ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። ሂዱ፣ ዝቅ በሉ፣ ስሙን ጥሩት፣ ዓይኑ ወደ እናንተ ሲዞር አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። «ጫማህን ታደርጋለህ?» ካላችሁት ጠይቃችሁታል፤ «አላደርግም» ቢል መልሱ ትክክል ነው። «ጫማህን አድርግ» በሉት። «አትሩጥ» ከማለት «በእርምጃ ሂድ» ይሻላል፤ የማይደረገውን ብቻ የሰማ ልጅ የሚደረገውን ራሱ መፈለግ አለበት።

ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ ቢያንስ እስከ አምስት ቁጠሩ። ብዙዎቻችን ልጁ ሰምቶ፣ አስቦ፣ ለመነሣት ሲዘጋጅ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትእዛዝ እንደርብበታለን። እርሱም የመጀመሪያው እንደማይቆጠር ይማራል።

አንድ የሚያስደንቀኝ ዘዴ ልጨምር። ከባዱን ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት ልጁ በደስታ የሚፈጽማቸውን ሁለት ሦስት ቀላል ነገሮች በፍጥነት ጠይቁት፦ «እጅህን ምታልኝ! አፍንጫህ የታል? እንደ አንበሳ አግሣ!» ለእያንዳንዱ አመስግኑትና ወዲያው «አሁን ሸሚዝህን ልበስ» በሉት። ተመራማሪው ቻርልስ ሜስና ባልደረቦቹ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1988 በጥናት አሳይተውታል። እሺታ እሺታን ይስባል። ልጁ አንዴ እምቢ ካለ በኋላ ግን ይህን ዘዴ አታምጡት፤ ያኔ እምቢታን የሚሸልም ጨዋታ ይሆናል።

ምርጫ መስጠትና ነገሮችን ማቅለል ልጁን ማሞላቀቅ አይደለም?

ይህ ጥያቄ ከልብ የሚመጣ ነው፤ አያቶችም ይህንኑ ይጠይቃሉ። መልሱ በጊዜው ላይ ነው። ልጁ ከጮኸ በኋላ የጠየቀውን ብትሰጡት ጩኸቱን ገዛችሁት፤ ነገም ይዞት ይመጣል። ልጁ ሳይጮህ፣ በሰላም ሳለ የሚያስፈልገውን ብታዘጋጁለት ግን የሸለማችሁት ጥፋት የለም። ነገሩ ያው ሆኖ ትርጉሙ ፈጽሞ ይለያያል።

ምርጫም እንዲሁ ነው። «ጥርስህን ትቦርሻለህ ወይ?» ምርጫ አይደለም። «መጀመሪያ ጥርስ ወይስ መጀመሪያ ፒጃማ?» ምርጫ ነው። ሁለቱም እንደሚፈጸሙ ያወቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ልጁ የሚያገኘው መንገዱን ነው። ቀኑን ሙሉ ተነሥ፣ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ተኛ የሚባል ሰው በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ሥልጣን ቢፈልግ ሊገርመን አይገባም። ምርጫው ሁለት ይሁን፤ አምስት ነገር ደርድሮ «የቱን?» ማለት ትንሽ ልጅን ያስጨንቃል። የማይታለፍ ነገር ላይ ደግሞ የውሸት ምርጫ አታቅርቡ። መንገድ ሲሻገር እጅ ይያዛል፤ አለቀ።

አስተማሪ ነኝ። አንድ ተማሪ የሂሳብ ወረቀት በተሰጠው ቁጥር ይቀደዋል።

ወረቀቱን ተመልከቱት። ሃያ ጥያቄ ከላይ እስከ ታች ተጠቅጥቆ የተጻፈበት ከሆነ አጥፋችሁ አምስቱን ብቻ አሳዩት። ከሚችላቸው ጥያቄዎች መሐል አንድ ከባድ ጣል አድርጉ። ወረቀቱን ስትሰጡት አልፋችሁ አትሂዱ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ አብራችሁት ሥሩ። እስክሪብቶ ወይስ እርሳስ፣ ከላይ ወይስ ከታች መጀመር የእርሱ ምርጫ ይሁን። መቀመጫውም ለእናንተ ቅርብ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ያለ ይሁን። ለአንድ ተማሪ ተብሎ የተሠራው ይህ ሁሉ ለቀሩትም ይጠቅማል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ብዙም አይናገርም። ይህ ለእርሱም ይሠራል?

ይሠራል፤ ብዙዎቹ ዘዴዎች መጀመሪያ የተጠኑትም የዕድገት እክል ካለባቸው ሰዎች ጋር ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ ትልቁ መከላከያ የመጠየቂያ መንገድ መስጠት ነው። ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት የዕድገት እክል ያለባቸውን ልጆች አጫጭር አባባሎችን አስተማሩ። ሥራ ሲከብደው የሚረብሸው ልጅ «አልገባኝም» ማለትን፣ ትኩረት ሲያጣ የሚረብሸው «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ማለትን ተማረ፤ ረብሻውም ቀነሰ። አባባሉ ከልጁ ፍላጎት ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ግን ለውጥ አላመጣም። የማይናገር ልጅ በሥዕል፣ በምልክት ወይም በእጅ እንቅስቃሴ «እረፍት»፣ «እርዳኝ»፣ «በቃኝ» ማለት ይችላል። ይህን ታዲያ በሰላሙ ሰዓት አስተምሩት፤ ጩኸቱ ከተጀመረ በኋላ ማንም አዲስ ቋንቋ አይማርም። መጀመሪያ ላይ በጠየቀ ቁጥር ወዲያው ስጡት፤ አዲሱ መንገድ ከጩኸቱ የፈጠነና የቀለለ መሆን አለበት።

ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ ስፌት የሚያስጨንቀው ከሆነ የጆሮ መከለያ ማድረግ፣ መብራቱን መቀነስ፣ ልብሱን መቀየር ቀላሉና ፈጣኑ መንገድ ነው። ልጁ በእነዚህ ሲጨነቅ እያስመሰለ አይደለም፤ እመኑት።

ዓለም ግን እንዲህ አመቻችታ አትጠብቀውም። እስከ መቼ?

እውነት ነው፤ ድጋፉ ቀስ በቀስ መነሣት አለበት። አምስት ጥያቄ በሰላም የሠራ ልጅ ወደ ሰባት ይሂድ። ስልክ ላይ ሳላችሁ ሁለት ደቂቃ የጠበቀች ልጅ ሦስት ትሞክር። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ከጸና ጨምሩ፣ ከተበላሸ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ክራንች የሚወሰደው እግሩ ሲጠና ነው። መነጽር ግን አይወሰድም፤ አንዳንድ ልጅ አንዳንዱን ድጋፍ ለረጅም ጊዜ ቢፈልገው ነውር የለበትም።

ሁሉንም አድርጌ አሁንም ቢጮህስ?

ይጮሃል። መከላከል ብዙውን ያስቀራል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም። በዚያ ሰዓት የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አንሡ፣ ቃል ቀንሱ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ በጩኸት የጠየቀውን አትስጡ። ከዚህ በፊት ጩኸቱ ያስገኝለት የነበረው ነገር ሲቀርበት ለጥቂት ቀናት ይበልጥ ሊበረታ እንደሚችል እወቁ፤ በዚያን ጊዜ መሸነፍ የበረታውን ጩኸት ማስተማር ነው። ሲረጋጋ ደብተሩን አውጡና የመጀመሪያውን ዐምድ ሙሉ።

ልጁ ራሱን ወይም ሌላውን እስኪጎዳ ከደረሰ፣ ይናገር የነበረውን ቃል ወይም ይችል የነበረውን ነገር ከተወ፣ ወይም መብላትና መተኛት እምቢ ካለ ግን ብቻችሁን አትታገሉ። ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ስትሄዱ ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለሙያው ከሚጠይቃችሁ ጥያቄዎች የግማሹን መልስ እዚያ ተጽፎ ያገኘዋል።